ከየኔታ ደጅ እስከ ሚስ ክፍል

የመስከረም መጨረሻ፣ ዓርብ ማታ ነው። አምስተኛ ዓመቷን የያዘችው ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ከቦርሳዋ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። በየሳምንቱ ለወላጆች የሚላክ ወረቀት ነው። የሳምንቱ ፊደል፣ የሳምንቱ ቁጥር፣ የሳምንቱ መዝሙርና የሳምንቱ ቀለም ተዘርዝሮበታል። የዚያ ሳምንት ፊደል «ለ» ነበር። «እስቲ ለን ከነቤተሰቡ አንብቢልኝ» አልኳት። ዘመረችው። ከለ እስከ ሎ ሳትደናቀፍ፣ ዜማውንም ሳታዛንፍ ወረደችው። ጣቴን በመሃል ዘልዬ «ሌ» ላይ ሳሳርፍ ግን ዝም አለች። ጥቂት አሰበችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ...» እያለች ከመነሻው ቆጥራ «ሌ!» አለችኝ።

ከበስተኋላችን ቡና የምትቀዳው እናቴ ሳቀች። «የኔታ ቢሆኑ ይኼን ጊዜ አቡጊዳ ያስገቧት ነበር» አለች።

ነገሩ እንደ ቀልድ የተወረወረ ነበር። እኔን ግን ውሎ አድሮ አላስተኛኝም። እናቴ የኔታ ዘንድ ገብታ የተማረች ሰው አይደለችም። የአቡጊዳን ጥቅም ከየት አወቀችው? ለመሆኑስ የኔታ ያውቁት የነበረውና ዛሬ በሥዕልና በቀለም ካሸበረቀው የሕፃናት ክፍል የጎደለ ነገር ይኖር ይሆን? ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚች ጥያቄ ነው።

መቁጠርና ማንበብ

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ አስተዋይ ነው። ሕፃን ልጅ ፊደል «ቆጠረ» እንላለን እንጂ «አነበበ» አንልም። መቁጠርና ማንበብ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸውን የጥንት መምህራን ስለሚያውቁ ለየብቻ ስም አወጡላቸው። ልጄ በዚያች ዓርብ ማታ ያደረገችው ቃል በቃል መቁጠር ነበር። «ሌ»ን አላወቀችውም፤ ቆጥራ ደረሰችበት።

የሚቆጠረውም ጥቂት አይደለም። የግዕዝ ፊደል 26 ነው። አማርኛ በበኩሉ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የተባሉትን ሰባቱን ጨመረና 33 አደረሰው። እያንዳንዱ በሰባት መልክ ስለሚጻፍ 231 ይሆናል፤ እነ ቋ፣ ጓና ኳ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚማር ሕፃን 26 ፊደላት ከነትልልቆቹ ቢያጠና 52 ቅርጽ ነው የሚጠብቀው። የእኛው ልጅ ግን ገና በደጁ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ ይጠብቀዋል።

ይሁንና ፊደላችን ለሕፃን የሚራራበትም ጎን አለው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ ቀድሞ ተነባቢ ብቻ ይጻፍበት የነበረው የግዕዝ ጽሕፈት የአናባቢ ምልክት ሲበጅለት፣ ምልክቶቹ እንዲሁ በዘፈቀደ የተለጠፉ አልነበሩም። ሉ፣ ሙና ቡ ከቀኝ ወገባቸው ላይ ጭረት አላቸው። ሊ፣ ሚና ቢ ደግሞ ጭረታቸው ወደ እግራቸው ይወርዳል። ላና ባ ቀኝ እግራቸው ይረዝማል። ሌና ቤ ከእግራቸው ሥር ቀለበት ያንጠለጥላሉ። ሳድስና ሳብዕ ላይ ሲደርስ ሥርዓቱ ይላላል፤ እነ ሩና ሪ፣ ፉና ፊም ያፈነግጣሉ። እንዲያም ሆኖ ምሥጢሩን ያገኘ ልጅ 231 ቅርጽ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ 33ቱን ቤቶችና የሰባቱን መልክ ጠባይ ካወቀ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል።

ጥያቄው ልጁ ያንን ምሥጢር በየትኛው መንገድ ያገኘዋል የሚለው ነው።

የኔታና አቡጊዳ

የኔታ ደጅ ወንበርም ጥቁር ሰሌዳም አልነበረም። የዛፍ ጥላ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ድንጋይ ወይም ቁራጭ ግንድ፣ በእጅ የተጻፈ ወይም የታተመ ፊደል፣ ፊደሉን እየጠቆሙ የሚወርዱበት ስንጥር፣ እሱ ነው ዕቃው። ልጆቹ አንድ ላይ ይቀመጡ እንጂ አንድ ላይ አይማሩም። አንዱ ሀሁ ላይ ነው፤ ሁለተኛው አቡጊዳ ገብቷል፤ ሦስተኛው መልእክተ ዮሐንስን ይዟል፤ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በየራሱ ድምፅ ስለሚጮህ ለአላፊ አግዳሚው ሁካታ ነው። የኔታ ግን በዚያ ሁካታ መካከል የሳተውን ድምፅ ለይተው ይሰማሉ። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቆጥራል፤ በማስቆጠሩም የራሱን ያጸናል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሀሁ ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ልብ ብሎ ላየው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። የቤቶቹ ቅደም ተከተል ከሀ ለ ሐ መ ወደ አ በ ገ ደ ይለወጣል። መልኩም አንድ ቤት ላይ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ መውረዱን ትቶ ከቤት ወደ ቤት እየዘለለ ይሄዳል፤ አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ እያለ። ዜማውን በቃሉ ይዞ ዓይኑን ሌላ ቦታ ያሳርፍ የነበረ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። ሀሁ ያወቀ የመሰለው ሁሉ አቡጊዳ ላይ ይፈተናል። እናቴ የሳቀችውም ለዚህ ነበር።

የአበገደ ተራ ራሱ ጥንታዊ ነው። ከዕብራይስጡ አሌፍ ቤት ጋር፣ በግሪኩ አልፋ ቤታ በኩልም ከፈረንጁ ኤ ቢ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላቶቻቸውን ያሰናዱት በዚሁ ተራ ነው። ቃሉም ከየኔታ ደጅ ተነሥቶ ዓለምን ዞሯል። ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት ሥርዓት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. እንደ እኛና እንደ ሕንዶቹ ያለውን፣ አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጣብቆ የሚጻፍበትን የጽሕፈት ዓይነት «አቡጊዳ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ የቋንቋ ተማሪ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። በአንጻሩ በገዛ አገሩ ስንት የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሚያኮራ አይመስለኝም።

ከአቡጊዳ በኋላ ንባብ ይጀመራል። እሱም በአንድ ጊዜ አይዘለልም። በመልእክተ ዮሐንስ ላይ በመጀመሪያ ፊደሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ ቀስ ተብሎ ቃል ይሠራል። ከዚያ ወርድ ንባብ ይመጣል። በመጨረሻ ቁም ንባብ ላይ ሲደረስ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ መለየት ግድ ነው። አንድ ገጽ ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው በሌላ ዓይን ይነበባል። ወንጌለ ዮሐንስ ይከተልና መጨረሻው 150ው መዝሙረ ዳዊት ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ በሰፈሩ ሰው ሆነ፤ ወላጆቹም ድግስ ይደግሳሉ።

ሳምንቱም የራሱ መልክ ነበረው። ማታ ማታ፣ ብርሃን ሳያስፈልግ፣ ልጆቹ የቃል ትምህርት ያጠናሉ። ከሚያጠኑት መካከል ውዳሴ ማርያም አንዱ ነው። እሱም ከሰኞ እስከ እሑድ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። ስለዚህ የየኔታ ተማሪ የዕለታቱን ስም ብቻ ሳይሆን የየዕለቱን ድርሻ በቃሉ ያውቃል። ዛሬ ወረቀት ላይ «የሳምንቱ ፊደል» ብለን የምንጽፍለትን ነገር፣ እሱ ሳምንቱን ራሱን እንደ መጽሐፍ ይገልጠው ነበር ማለት ይቻላል።

ለአውሮፓውያንም ቢሆን የፊደላችን በር የተከፈተው በዚሁ በሕፃናቱ መጽሐፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1513 ዓ.ም. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ ያሳተመው የመጀመሪያው የግዕዝ ሕትመት መዝሙረ ዳዊት ነው። የፊደሉን ገበታም አብሮ አትሞታል። በአገር ቤት ደግሞ ከብዙ ጊዜ በኋላ የቡልጋው ሰው ተስፋ ገብረ ሥላሴ ፊደልንና የንባብ መጀመሪያ መጻሕፍትን እያተሙ ከብራና አውጥተው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ከአጥሩ ውጪ የቀሩት

ያለፈውን ማመስገን ቀላል ነው። ሙሉውን ካልተናገርነው ግን ታሪክ መሆኑ ይቀርና ተረት ይሆናል።

የኔታ ዘንድ አለንጋ ነበረ። ጥፋት ለሠራውም ፊደል ለሳተውም ቅጣቱ ያው ነው። የሚነበበውም ግዕዝ ነው። ዳዊትን እንደ ውኃ የሚያንቆረቁር ልጅ ያነበበውን ንገረኝ ቢሉት ዝም ይላል፤ ትርጓሜው የሚመጣው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ለዚያውም ለጥቂቶቹ ነው። ዓይኑ ያነብባል፤ ልቡ አይሰማም። ከእስልምና ተከታዮች ቤት የወጣው ልጅም በበኩሉ ቁርኣን ቤት ገብቶ በእንጨት ሉሕ ላይ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያለ ከእናቱ ቋንቋ ውጪ በሆነ ቋንቋ ንባብን ይጀምራል። በዚህ በኩል የሁለቱ ሃይማኖት ልጆች ዕጣ አንድ ነበር።

ሴቶቹ ደግሞ በአብዛኛው ከአጥሩ ውጪ ነበሩ። ከመኳንንትና ከካህናት ቤት ዳዊት የደገሙ ሴቶች መኖራቸው አይካድም። የገበሬው ልጅ ግን ውኃና እንጨት ይጠብቃታል። እናቴ አቡጊዳን የሰማችው እንዲያ ነው። ወንድሞቿ ከየኔታ ሥር ቁጭ ብለው ሲጮሁ እሷ ጥጃ እየጠበቀች ከአጥር ወዲያ ትሰማ ነበር። ድምፁን ሁሉ ታውቀዋለች። የየትኛው ቅርጽ ድምፅ እንደሆነ ግን ያየችው ካደገች በኋላ ነው።

ያየችበትም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ማታ ማታ በቀበሌ አዳራሽ፣ በዳስና በዛፍ ሥር ሽማግሌና ወጣት አብሮ ፊደል ቆጠረ። ማስተማሪያ የሆኑት ቋንቋዎች በኋላ 15 ደረሱ፤ ሁሉም የተጻፉት በዚሁ ፊደል ነበር። አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘች። ዘመኑ የቀይ ሽብር ቁስል ያልጠገገበት፣ ጦርነት የሚፋፋምበት ነበርና ሰው ስለ ዘመቻው ሲናገር ስሜቱ የተደበላለቀ ነው። እናቴ ግን ስለዚያ ጊዜ ስትጠየቅ መጀመሪያ የምታነሣው ስሟን የጻፈችበትን ማታ ነው።

የሕፃናት የአትክልት ቦታ

እንግዲህ «መዋዕለ ሕፃናት» የምንለው ነገር ከየት መጣ? ቃሉ ግዕዝ ነው። «ወዐለ» ዋለ ማለት ነውና መዋዕለ ሕፃናት የሕፃናት መዋያ፣ የሕፃናት ዘመን ነው። ሐሳቡ ግን የመጣው ከጀርመን አገር ነው። ፍሬደሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 ዓ.ም. በብላንከንቡርግ ከተማ ለትንንሽ ልጆች አንድ ቤት ከፈተ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ኪንደርጋርተን»፣ የሕፃናት የአትክልት ቦታ፣ ብሎ ሰየመው። በዚያ ቤት ዋናው ሥራ ፊደል አልነበረም። ኳስ፣ ከእንጨት የተሠሩ ኩቦች፣ መዝሙር፣ ጨዋታና እውነተኛ አትክልት ነበሩ። የፕሩስያ መንግሥት ነገሩን ጠርጥሮ እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም. አገደው። እገዳው የተነሣው ፍሮብል ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1860 ነው።

ወደ እኛ አገር ኪንደርጋርተን የገባው በባቡር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በባቡር ሐዲድ ሥራ ለተሰማሩ ፈረንሳውያን ልጆች ድሬዳዋ ላይ የተከፈተው ቤት የመጀመሪያው ተደርጎ ይነገራል። ቀጥሎም አዲስ አበባ ላይ የውጭ አገር ማኅበረሰቦች ለልጆቻቸው ከፈቱ። ለኢትዮጵያዊው ልጅ ግን በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተም በኋላ ለብዙ ዘመን መዋዕለ ሕፃናቱ የኔታ ነበሩ። ሀሁን እዚያ ቆጥሮ፣ አንዳንዱም ዳዊት ደግሞ፣ ነው አስኳላ የሚገባው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የከተማ ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ልጆች በመዋዕለ ሕፃናት ደረጃ አስቀመጠ። ይሁንና ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቱ ተተወ። የቻለ ከፈለ፤ ያልቻለ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ጠበቀ ወይም የኔታ ዘንድ ሰደደ። በ2002 ዓ.ም. የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ ወጣ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም «ዜሮ ክፍል» የሚባለው ተስፋፋ።

እንዲህ ሲሆን አንድ እንግዳ ጋብቻ ተፈጸመ። ስሙን፣ ቀለሙንና መዝሙሩን ከፍሮብል ወሰድን። ሥራውን፣ ማለትም ልጅን ፊደል ማስቆጠርን፣ ከየኔታ ወረስን። ከሁለቱም ግን ዋናውን ጥለን ሳይሆን አይቀርም። ከፍሮብል ጨዋታው ቀረ፤ የአራት ዓመት ልጅ የቤት ሥራ ደብተር ተሸክሞ ይመለሳል። ከየኔታ ደግሞ አቡጊዳው ቀረ።

ሠላሳ ሦስት ሳምንት

የልጄን የሳምንት ወረቀት ይዤ ሒሳብ ሠራሁ። በየሳምንቱ አንድ ቤት ከተባለ 33ቱ በ33 ሳምንት ያልቃሉ፤ ለአንድ የትምህርት ዘመን ልክ ነው። በወረቀት ላይ ያማረ ዕቅድ ነው። ልጅ ግን ወረቀት አይደለችም። በሦስተኛው ሳምንት «ሐ» ይመጣና «ይኼማ ሀ ነው!» ትላለች፤ እውነቷን ነው። በሰባተኛው ሳምንት «ሰ» ሲደርስ «ሰላም» ብላ መጻፍ ትችላለች። «እማዬ» ለማለት ግን እ የምትገኝበትን አሥራ ስድስተኛውን፣ ዬ የምትገኝበትን ሃያ ሦስተኛውን ሳምንት መጠበቅ አለባት። «ዳቦ» ሃያ አራተኛው ላይ ነው። የካቲት ሊያልቅ ሲል ማለት ነው። በየቀኑ የምትበላውን ዳቦ ለመጻፍ ከመስከረም እስከ የካቲት የምትጠብቅ ልጅ ፊደል የዘፈን ግጥም ቢመስላት ምን ይገርማል?

የኔታ ዘንድም ተራው ያው ሀ ለ ሐ መ ነበር። ልዩነቱ ሌላ ነው። የኔታ ዘንድ ሳምንቱ ፊደሉን አይወስነውም፤ ልጁ ነው የሚወስነው። ያልያዘው ያልፍ ዘንድ አይፈቀድለትም፤ የያዘውም ሌላውን አይጠብቅም። በሚስ ክፍል ግን ሰኞ ሲመጣ ለ ያልያዘውም የያዘውም እኩል ወደ ሐ ይሻገራሉ። አርባ ልጅ ያለባት ሚስ ሌላ ምን ታድርግ? እሷን መውቀስ ግፍ ነው። ብዙዎቹ የሕፃናት መምህራን በትንሽ ደመወዝ፣ በጉልበታቸውና በድምፃቸው የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። እኛ ወላጆችም አናግዛቸውም። ልጃችን በእንግሊዝኛ ኤ ቢ ሲ ዲ ሲል እንግዳ ፊት አቁመን እናስጨበጭብለታለን፤ «ሌ»ን ለይቶ ስለማወቁ የሚጠይቀው የለም።

ዋጋው የሚታየው በኋላ ነው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች፣ በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው ማለት ነው። ከእነዚህ ልጆች መካከል በሳባው ፊደል የሚማሩም፣ በላቲን የሚማሩም አሉና ጥፋቱን በፊደሉ ላይ መጣል አይቻልም። ከምዘናው በኋላ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ነበር። መጽሐፍ ግን ብቻውን አያስተምርም፤ እያንዳንዱ ልጅ የቱ ላይ እንደ ቆመ ጆሮ ሰጥቶ የሚሰማ ሰው ይፈልጋል።

የኔታ ይመለሱ ማለቴ አይደለም። አለንጋቸውን አልመኘውም፤ እናቴን ከአጥር ውጪ ያስቀረውንም ወግ አልናፍቅም። የሚስ ክፍል ሴት ልጄን ከወንዱ እኩል አስቀምጧል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የምለው ሌላ ነው። ከብዙ ትውልድ ልምድ የተቀመመ አንድ ብልሃት በእጃችን ነበረ። ልጅ የዘፈነውን ሁሉ አውቆታል ብለህ አትመን፤ ተራውን አፍርሰህ ጠይቀው የሚል ብልሃት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የውጭ ባለሙያም አያሻውም።

እሑድ ከሰዓት እናቴ ልጄን አጠገቧ አስቀመጠቻት። የሳምንቱን ወረቀት አላነሣችም። ከድሮ ካላንደር ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ በዚያ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ደቃቃና ጎባጣ ጽሕፈት፣ ፊደላት በትና ጻፈች። ሎ፣ ሂ፣ ላ፣ ሁ፣ ሌ። «ዘፈን የለም» አለቻት። ልጄ ሎን ሳተች፤ ሂን አገኘች፤ ላ ላይ ቆየች። ሌ ጋ ስትደርስ ከንፈሯ «ለ፣ ሉ...» ማለት ጀምሮ ነበር፤ አያቷ ጣቷን አንሥታ አስቆመቻትና «እግሩን እይ» አለቻት።

አየችው። ቀለበቱን አየችው።